ከአረብ ቤት እስከ ማሪብ፦ የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጥቅምት መግቢያ ላይ ክበባችን አንድ ጥያቄ ይዞ ተሰበሰበ። ዘንድሮ የትኛውን የአረብ አገር እናጥና? ልጆቹ እጃቸውን እያወጡ የጠሩት ስም የተለመደው ነው። ዱባይ፣ ሳዑዲ፣ ኳታር፣ ግብፅ። ዱባይ ለብቻዋ አገር አለመሆኗን ለማስረዳት ራሱ አሥር ደቂቃ ፈጀብን።

ከኋላ ወንበር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ "ቲቸር፣ የመንስ?" አለች።

ለምን ስላት እንዲህ አለችኝ። "አያቴ ሱቅ ስትልከኝ 'አረብ ቤት ሄደሽ ስኳር አምጪ' ነው የምትለኝ። ባለሱቁ ግን ጉራጌ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምትል ስጠይቃት፣ ድሮ ሱቁ የየመን ሰው ነበር አለችኝ።"

ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። የብዙዎቹ እናትና አያት ያንኑ ቃል ይጠቀማሉ። ድምፅ ስንሰጥ ከ27 አባላት 19ኙ የመንን መረጡ።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ስለ የመን የምታውቁትን ሰሌዳው ላይ ጻፉ አልኳቸው። አራት ቃል ተጻፈ። ጦርነት፣ ሁቲ፣ ጀልባ፣ ስደት። ከዚያ በላይ የጨመረ አልነበረም። ባሕሩ ግን ጠባብ ነው። ባብ ኤል መንደብ ላይ ከአፍሪካ ዳርቻ እስከ የመን ዳርቻ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ከመሄድ ያንሳል። ይህን ያህል የቀረበን አገር በአራት ቃል ማወቃችን እኔንም ልጆቹንም ቆጨን። የዓመቱ ሥራችን የተነሳው ከዚህ ቁጭት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቹን ከሁሉ በላይ የያዛቸው ፊደሉ ነው። በጥንታዊት የመን የነበሩት የሳባውያን አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ምንም አላስረዳሁም። የምታውቁት ፊደል ካለ አክብቡ ብቻ አልኳቸው። መጀመሪያ ሁሉም ግራ ተጋቡ። ከዚያ አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ፣ "ይሄማ በ ነው!" አለ። ልክ ነው፤ ሁለት እግር ያለው የእኛው 'በ' እንዳለ ቁጭ ብሏል። ዱላ ላይ የተሰካችው ክብ 'የ' ናት። ክቡ ዐ ነው። ዘመም ያለው መስቀል ተ ነው። ሰዓቱ አልቆ ዘበኛው ቤተ መጻሕፍቱን ሊዘጋ ቢመጣ የሚነሳ ጠፋ።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ይብሳል። የደቡብ ዓረቢያ ፊደል ሲደረደር የሚጀምረው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። በመዋዕለ ሕፃናት በዜማ የተማርነው ያው ነው። ልዩነቶችም አሉ። እነሱ ብዙውን ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፉ ነበር። ቃልና ቃልን የሚለዩት በቆመ መስመር ነው፤ እኛ ሁለት ነጥብ አደረግን። ግዕዝና ካዕብ እያልን በፊደሉ ላይ የምንቀጥለው የአናባቢ ምልክት እነሱ ዘንድ የለም፤ እሱ በአክሱም ዘመን የተጨመረ ነው። የሓ ላይ ያሉት ጥንታዊ ጽሑፎች የተጻፉት በዚያው በሳባውያን ፊደል ነው። አፄ ኢዛናም በድንጋይ ባስቀረጸው ማዕረግ ራሱን የአክሱም ብቻ ሳይሆን የሂምያርና የሳባም ንጉሥ ብሎ ጠርቷል። በየመንና በሰሜን ኢትዮጵያ መካከል ሰውም፣ ጽሑፍም፣ እምነትም ሲመላለስ እንደኖረ ከዚህ በላይ ማስረጃ ለልጆች ማሳየት አልችልም።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራችን የማሪብ ግድብ ነበር። ማሪብ የሳባ መንግሥት ዋና ከተማ ናት። ግድቡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዘመን ገደማ የተጀመረ ሲሆን፣ በመጨረሻው ቅርፁ 600 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። የዝናቡን ጎርፍ ይይዝና በሰሜንና በደቡብ በኩል በተሠሩ ሁለት የውሃ መልቀቂያ በሮች ወደ እርሻው ይመራዋል። በረሃ ዳር ያለች ከተማ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያጠገባት ይህ ሥራ ነው። ከዕጣኑ ንግድ ጋር ተደምሮ ማለቴ ነው፤ ዕጣንና ከርቤ የጫኑ ግመሎች የሚያልፉት በዚያ ነበር።

ልጆቹ ከሳይንስ ቤተ ሙከራው ጀርባ ሁለት ሜትር የሚሆን ግድብ በጭቃና በጠጠር ሠሩ። ሁለት ሳምንት ለፉበት። ውሃ በባልዲ ሲሞላ ግን በግራ ጥጉ ተቦርቡሮ ሄደ። አንዷ ልታለቅስ ደረሰች። ያን ጊዜ ነው ታሪኩን የነገርኳቸው። እውነተኛውም ግድብ ተደጋግሞ ፈርሷል፤ ተደጋግሞም ተጠግኗል። ከጠጋኞቹ አንዱ ደግሞ ከእኛ ወገን የሄደ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ523 አካባቢ የሂምያር (የጥንቱ የየመን መንግሥት) ንጉሥ ዙ ኑዋስ የናግራን ከተማን ክርስቲያኖች አስገደለ። አፄ ካሌብ በ525 ባሕር ተሻግረው ድል አደረጉት። ከዘመቱት መካከል አብርሃ የሚባል የጦር አዛዥ ነበር። ከወንድማማቾቹ ከአብርሃና አጽብሃ ጋር እንዳታምታቱት። ይህኛው በኋላ ራሱን የየመን ንጉሥ አደረገ። በ548 የማሪብ ግድብ ሲፈርስ ሕዝቡን አስተባብሮ ጠገነው፤ ሥራውንም በሳባውያን ፊደል በድንጋይ አስጻፈ። የአክሱም፣ የሮምና የፋርስ መልእክተኞች እሱ ዘንድ መምጣታቸው ሳይቀር ተጽፏል። ጽሑፉ ዛሬም አለ። ግድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ተደርምሶ ሕዝቡ የተበተነው በዚያው በስድስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ቁርኣንም በሱረቱ ሰበእ ያነሳዋል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ጭቃቸውን እንደ አዲስ አቦኩ። ሁለተኛው ግድብ ያዘ።

ስለ ንግሥተ ሳባ ብዙ ተከራከርን። እነሱ ቢልቂስ ይሏታል፤ እኛ ማክዳ። "የማን ናት?" የሚለው ክርክር ሁለት ረቡዕ በላብን። እኔ ዳኛ አልሆንኩም። ታሪኩን ሁለቱም ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት በፍቅር ይዞት መኖሩ ለእኔ ከክርክሩ ይበልጣል።

የካቲት ላይ እንግዳ ጋበዝን። አባታቸው በምሥራቅ የመን ካለው ከሐድራሞት በኤደን ወደብና በጅቡቲ በኩል፣ ከዚያም በባቡር አዲስ አበባ የገቡ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑ አዛውንት ናቸው። የአባታቸው ሱቅ ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙናና ክብሪት ይሸጥ ነበር። በማለዳ ተከፍቶ እስከ ማታ ሰው አያጣም። የዱቤ መዝገቡን አባታቸው በአረብኛ ይጽፉት እንደነበር ሲነግሩን፣ ልጆቹ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስም በአረብኛ ተጽፎ ታያቸውና ተገረሙ። በደርግ ጊዜ ብዙው ዘመዳቸው ወጣ። እሳቸው ቀሩ። አንድ ልጅ፣ "አባባ፣ እርስዎ የየት አገር ሰው ነኝ ይላሉ?" ብሎ ጠየቃቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "ልጄ፣ እናቴ በአማርኛ ትቆጣኝ ነበር፤ አባቴ በአረብኛ ይመርቀኝ ነበር። ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ አሉ" አሉት።

በፔርሙስ ቂሽር ይዘው መጥተዋል። ቂሽር የቡና ገለባ ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ነው። ቀለሙ ከሻይ ይቀጥናል፤ ሽታው ግን ሞቅ ያለ ነው። አያቶቿ ሐረር ያሉ አንዲት ተማሪ ገና ስትቀምሰው፣ "ይሄ እኮ አሸር ነው!" አለች። ቡናው ከእኛ ደን ቢነሳም ለዓለም ገበያ ያደረሱት የመናውያን ናቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን ሱፊዎች ሌሊት ለጸሎት ለመንቃት ይጠጡት ነበር። በኋላ በቀይ ባሕር ዳር ያለችው የሞካ ወደብ የዓለም የቡና በር ሆነች። ሆላንዶች ችግኙን ወደ ጃቫ ወስደው ሲያባዙት ግን ገበያው ከእጇ ወጣ። ዛሬ ካፌ ገብተን "ሞካ" ስንል የዚያችን ወደብ ስም እየጠራን ነው።

ስለ ሕንፃዎቻቸው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የዋና ከተማዋ የሰንዓ አሮጌ ክፍል ረጃጅም ቤቶች መስኮታቸው ላይ ቀመሪያ የሚባል፣ በጄሶ የተያያዘ ባለቀለም መስታወት አላቸው፤ ልጆቹ በካርቶንና በባለቀለም ፕላስቲክ ሠርተውት የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ አለ። በሐድራሞት ያለችው ሺባም ደግሞ 500 ገደማ የጭቃ ጡብ ሕንፃዎች አሏት። እስከ ሰባት ፎቅ ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹ የ16ኛው መቶ ዘመን ሥራ ናቸው። ጭቃ ቤት የድሃ ነው የሚል ልጅ ካለ ሺባምን ይይ። በተራራው በኩል ያለው የእርከን እርሻ ደግሞ ኮንሶን ያስታውሳል።

የቅርቡን ዘመን በአጭሩ አለፍነው፤ ፈተና ደርሶ ነበር። እንግሊዞች ኤደንን በ1839 ያዙ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ወደቡ ደመቀ። በሰሜን የሃይማኖት መሪም ንጉሥም የነበሩት ኢማሞች እስከ 1962 ገዙ። ደቡቡ በ1967 ነፃ ወጥቶ የሶሻሊስት መንግሥት ሆነ። ሁለቱ የመኖች በግንቦት 1990 ተዋሐዱ። በ2011 አደባባይ የወጣው ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን አሊ አብዱላህ ሳላህን ከሥልጣን አወረደ፤ በዚያው ዓመት የመናዊቷ ተወኩል ካርማን የኖቤል የሰላም ሽልማት ካገኙት አንዷ ሆነች። ከሰሜን የተነሱት የሁቲ ታጣቂዎች በመስከረም 2014 ሰንዓን ያዙ። በመጋቢት 2015 በሳዑዲ የሚመራው ጥምረት የአየር ድብደባ ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እስከ 2021 መጨረሻ የሞተውን ሰው 377,000 ገደማ አድርጎ ገምቶታል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው በጥይት አልሞተም። በረሃብ፣ በውሃና በሕክምና እጦት ነው። ይህን ቁጥር ያነበበችው ልጅ ወረቀቱን አስቀምጣ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ውይይቱን አልቀጠልንም።

ኢኮኖሚው ላይ ልጆቹን ያስገረማቸው፣ የአረብ አገር ሁሉ ሀብታም ነው የሚለው ሐሳብ መፍረሱ ነው። የመን ነዳጅ ያገኘችው በ1984 ማሪብ አካባቢ ነው፤ መጠኑም ከጎረቤቶቿ ጋር አይወዳደርም። ከባልሃፍ ወደብ በ2009 መላክ የጀመረው ፈሳሽ ጋዝ ጦርነቱ በ2015 አቆመው። የድፍድፍ ነዳጁም ኤክስፖርት በ2022 መጨረሻ ላይ በወደቦቹ ጥቃት ተቋረጠ። ከምትበላው ስንዴ 90 በመቶ ያህሉ ከውጭ ይገባል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ውጭ ያለ ልጁ በሚልከው ገንዘብ ነው። ይህም ዋስትና የለውም። በ1990 የመን በጸጥታው ምክር ቤት በኢራቅ ላይ ኃይል እንዲወሰድ የሚለውን ውሳኔ ተቃወመች፤ በዚያ ቀውስ ከሳዑዲ ተገፍተው የተመለሱት የመናውያን 800,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። አሁን ደግሞ አንድ አገር ውስጥ ሁለት ማዕከላዊ ባንክ አለ። እኛ ባጠናንበት ወቅት አንድ ዶላር በሰንዓ በ500ዎቹ ሪያል ሲመነዘር፣ በኤደን ከ2,000 አልፎ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን በደንብ ሠርተው አቅርበዋል።

ጫት ላይ የተደረገው ክርክር የዓመቱ ሞቃት ክርክር ነበር። ለገበሬው ፈጣን ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ውሃ በሚያጥርበት አገር ከእርሻ ውሃው ትልቁን ድርሻ ይጠጣል። የቡናውን ቦታም ወስዷል። የሰንዓ የከርሰ ምድር ውሃ በየዓመቱ እየራቀ ነው። እኔ በግሌ ውሃ ያነሳው ወገን አሳመነኝ። ግን ከምሥራቅ ሐረርጌ የመጣ ልጅ፣ "ቲቸር፣ እኔ ደብተር የተገዛልኝ በጫት ነው" ሲል ሁላችንም ረጋ ብለን ማሰብ ነበረብን።

ግንቦት ላይ ወደ ተጻፉት አራት ቃላት ተመለስን። ስደት የሚለው ጋ ስንደርስ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። ወንድሙ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በጀልባ ተሻግሮ የመን ገብቷል። ሳዑዲ ለመግባት ነበር። ስምንት ወር ድምፁ አልተሰማም፤ ከዚያ ከኤደን ደወለ። በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ በዚያ መንገድ የመን መድረሳቸውን የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት መዝግቧል። ልጁ ግን ቁጥር አልነገረንም። "ራሱ በጦርነት ያለ ቤተሰብ ነው ያስጠጋው፤ ሳልታ የሚባል ምግብ ያበሉት ነበር አለን" ነው ያለው። ሳልታ ላይ የሚደረገው አረፋ ሁልባ ይባላል፤ የእኛው አብሽ ነው። ልጁ እናቱ አብሽ በመቱ ቁጥር ስለሚያለቅሱ አብሽ ቤታቸው ውስጥ መሠራቱ እንደቀረ ነገረን።

በወላጆች ቀን በአቡጀዲ ላይ የተሳለውን ትልቅ ካርታ፣ ግድቡንና የፊደሉን ሰንጠረዥ አቀረብን። ወላጆች ስማቸውን በሳባውያን ፊደል እያጻፉ ወሰዱ። ሐሳቡን ያመጣችው ልጅ አያቷን ይዛ መጥታለች። እማማ ካርታው ፊት ብዙ ቆሙ። ሐድራሞት የቱ ጋ ነው ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ጣቷን አድርጋ አሳየቻቸው። "ሰውየው ከዚህ ነው የመጣሁት ይለን ነበር፤ እኛ ግን የት እንደሆነ አናውቅም ነበር" አሉ።

ካርታው አሁን ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ግድቡን ክረምቱ እንዳያፈርሰው በላስቲክ ሸፍነነዋል። የ2018 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ምዝገባ መስከረም ሦስተኛ ሳምንት ይጀምራል፤ አዲስ አባላት ረቡዕ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ይምጡ።