ወስፌውን ለማንም እንዳትሰጪ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ ፊደል ለይታ ስሟን በየግድግዳው መጻፍ ጀምራለች።

እሁድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። ዓይኔ ደከመ፣ ጣቴም እምቢ አለኝ፣ አክርማውንም አለላውንም ለጎረቤት ልጅ ልሰጣት ነው አልሽኝ። ወስፌውን ጭምር። «ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የምሰፋው?» አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ «አንቺስ አሁንም ሥዕሉ ላይ ነሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «አዎ» ብዬ አለፍኩት። ሁለቱም ጥያቄ ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

አዎ እማዬ፣ አሁንም ሥዕሉ ላይ ነኝ። እንዴት እንደምሠራ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ከሥራ ስመለስ ደስ ሲለኝ ብሩሽ የማነሣ ይመስልሻል። እንደዚያ ቢሆን ገና ድሮ ትቼው ነበር። ከአራስ ቤት የወጣሁ ጊዜ፣ የቤት ኪራይ የጨመረብን ጊዜ፣ አባዬ ያረፈ ጊዜ ማን ደስ ብሎት ይስላል? ሥዕሌ እስከ ዛሬ የቆየው የኔን ደስታ ስላልጠበቀ ነው። የራሱ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ገንዘብም አለው።

ቦታው የሳሎኑ ጥግ ነው፣ መስኮቱ ሥር። ያቺን ጥግ ማንም አይነካትም። ልብስ አይሰቀልባትም፣ ፌስታል አይቀመጥባትም። ሸራው እንደቆመ ያድራል፣ ቀለሙም እንደተደረደረ ነው። ዕቃውን ከአልጋ ሥር ማውጣትና መልሶ መሰብሰብ ቢኖርብኝ ሩብ ሰዓት ባገኘሁ ቁጥር «ነገ ይደርሳል» እል ነበር። አሁን ግን ወጡ እስኪበስል እንኳ ሄጄ አንድ ጥላ አስተካክላለሁ። ቀለሜንም አክሪሊክ የሚባለውን፣ በውሃ የሚቀጥነውን ያደረግሁት ለዚሁ ነው። የዘይት ቀለም ውበቱ ሌላ ነው፤ ግን የሚያቀጥነው አኳራጅ ይፈልጋል፣ ልጅ በሚተኛበት ቤት ሽታው አይሆንም።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፣ ቤቱ ሳይነሣ። መጀመሪያ ሸራውን አልነካም። ደብተሬን አወጣና ትናንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ያየሁትን ሰው እስላለሁ። ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ጀርባ፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወጣት። ይህ እጄን ያፍታታዋል። ከዚያ ወደ ሸራው እዞራለሁ። ሸራው ላይ ያለውም ያው ሰልፉ ነው። መገናኛ ዝናብ ድንገት ሲመጣ ሰው ተራውን ሳይለቅ አንዱ ወደ አንዱ ጠጋ ጠጋ ይላል። የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ጃንጥላ ሥር ይገባል። ያንን መጠጋጋት ነው ልይዘው የምፈልገው። ገና አልያዝኩትም።

ገንዘቡ ደግሞ የእቁብ ነው። ከመሥሪያ ቤት ሴቶች ጋር ትንሽ እቁብ አለችኝ። ሲወጣልኝ ያ ብር ለአስቤዛ አይነካም፤ መርካቶ ወርጄ ቀለም፣ ብሩሽና አቡጀዲ እገዛበታለሁ። የኑሮው ወጪ በማተሚያ ቤቱ ደመወዝ ይሸፈናል። ቀኑን ሙሉ የሠርግ ካርድና ባነር ስሠራ እውላለሁ፤ አይከፋኝም። አንድ ሥዕል ሻጭ ጀበና የያዙ ዓይነ ትልልቅ ሴቶች በብዛት ሥሪልኝ ብሎኝ ነበር፣ ለቱሪስት የሚሆኑ። ደህና ገንዘብ ነበረው። እምቢ ማለት የቻልኩት ደመወዝ ስላለኝ ነው። ሥዕሌን እንጀራ አብላኝ ብዬ ባስጨንቀው ገዢው ያዘዘውን ከመሆን በቀር ምን ምርጫ ይኖረዋል?

የተወጠረ ሸራ ከሱቅ አልገዛም፣ ውድ ነው። አናጺ ጣውላውን ቆርጦ ይገጥምልኛል፣ አቡጀዲውን እኔው እወጥረዋለሁ። ከማዕዘን ከጀመርሽው ጨርቁ ይሸበሸባል። በአራቱም ጎን መጀመሪያ መሃል መሃሉ ይመታል፣ ከዚያ እየሳቡ ወደ ዳር ነው። ከዚያ ኮላና ነጭ ቀለም በጥብጬ አንድ እጅ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ሁለተኛ እጅ እደግመዋለሁ። በደንብ ከተወጠረ በጣት ስትመቺው እንደ ከበሮ ድም ይላል።

እጄ ለሥዕል እምቢ ያለኝ ጊዜ ይህንን ነው የምሠራው። ልጅቷን ወልጄ ለወራት አንድም ሥዕል አልጨረስኩም። ሸራ ግን እየወጠርኩ ግድግዳው ጋ አስደግፍ ነበር። ልቤ ሲመለስ የተዘጋጀ ሸራ ጠበቀኝ። ይህን ከማን እንዳየሁት ታውቂያለሽ። አያቴ የሞተች ዓመት አንድ መሶብ አልሰፋሽም። ስንደዶው ግን በመስከረም ተለቅሞ፣ ተሰንጥቆ፣ ቀለም ገብቶ፣ በየቀለሙ ታስሮ ጣራው ሥር ተሰቅሎ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አንድ ሌላ ነገር ሰው ነው። ሁለት ጓደኞቼ በወር አንድ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ እያንዳንዳችን የሠራነውን ወለሉ ላይ እንዘረጋለን። ቀድሞ መናገር አይፈቀድም፣ በደንብ ይታያል። ሰው እንደሚመጣ ሳውቅ በወሩ ውስጥ ባዶ እጄን አልቀመጥም። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ የጎደለውን እኔ ሳላየው እነሱ ያዩታል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

«ያንቺ እንኳ ሥዕል ነው፣ የኔ ስፌት ነው» ትያለሽ። እኔ አልስማማም። ኤልያስ ስሜ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ አለ። ለዓመታት በክርና በመርፌ ሸራ ላይ ሲሰፋ ኖሯል፤ ቁልፍም ይሰፋበታል። አሁን ደግሞ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒውተር ዕቃና ሽቦ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ግዙፍ ሥራዎች ይሠራል። ሥራዎቹ ከአገር ውጭ በትልልቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። እሱና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ቤቱ በጭቃና በጭድ ነው የተሠራው፣ አንቺ ባደግሽበት ዓይነት ግድግዳ። ስትመጪ እወስድሻለሁ። መርፌ ስለያዘ ማንም «ይኼ ስፌት ነው» ብሎ አላሳነሰውም።

ደግሞስ አንቺ የምትሠሪው ቀላል ነው እንዴ? መሶቡ ከታች ጠባብ ነው። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስፌቱ ይጨምራል፣ ሐረጉም አብሮ መስፋት አለበት። ዙሪያውን ሄዶ ከመነሻው ጋር ሲገናኝ ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። ይህን ሁሉ በጭንቅላትሽ ነው የምትቆጥሪው። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ፤ በመሃል ደግሞ ከጎረቤት ጋር ታወሪያለሽ። እኔ ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥዕል ትምህርት ቤት ዓመታት ተምሬ ወጥቻለሁ። ያንን ግን አልችለውም። ቀዩን ከጥቁር አጠገብ መቼ ማስቀመጥ፣ መቼ ደግሞ በነጩ መለየት እንዳለብኝ መጀመሪያ ያየሁት ካንቺ ጉልበት ላይ ነው።

ስለ ዓይንሽ። ክሎድ ሞኔ የሚባል የፈረንሳይ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ሐኪሞች የዓይን ሞራ ግርዶሽ አገኙበት። ቀለም እየተምታታበት ሄደ። ሰውዬው ግን ብሩሹን አልጣለም። ቀለሙን ቱቦው ላይ በተጻፈው ስም ይለየው ጀመር፤ ሁልጊዜም በአንድ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። በ1923 አንድ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ1926 እስኪሞት ድረስ ግቢው ውስጥ ኩሬው ላይ የሚበቅሉትን አበቦች ግድግዳ በሚያክል ሸራ ላይ ሲስል ነበር።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። አለላውን በየቀለሙ ለየብቻ ቆርቆሮ ውስጥ አስገቢው፣ ቦታውንም አትቀያይሪው። ቀዩ ሁልጊዜ በቀኝ ይሁን፣ አረንጓዴው በግራ። ሙዳይ ተይው፣ ስፌቱ ደቃቅ ነው። ሰፌድ ሥሪ። አክርማውን ወፈር አድርገሽ ያዢው፣ ወስፌውም በቀላሉ ይገባል። በረንዳው ላይ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጣትሽ ሲያምሽ አቁሚ። በዓመት አንድ ሰፌድ ቢወጣ ምን ቸገረን? ማንም አያሳድድሽም።

ሐኪም ቤትም መሄድ አለብሽ። «ዕድሜ ነው» ብለሽ አትለፊው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚታወረው በዚሁ በሞራ ግርዶሽ ነው፤ እሱ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነገር ነው። (ወንድሜ፣ ይህችን እንዳትዘላት።)

«ለማን ብዬ ነው?» ያልሽው ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። ልጆችሽ ሄደናል፣ መሶብ የሚጠይቅሽም ሙሽራ የለም፣ ይገባኛል። ግን ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቢያቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሙዚቃ ተምረው ነበር። ከዚያ ግሸን ማርያም መንኩሰው አሥር ዓመት በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ በሌለበት ተራራ ላይ ማለት ነው። ሲመለሱ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ ሸክላ ሲያሳትሙም ገቢውን ለችግረኛ ልጆች ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኢየሩሳሌም ሄደው እዚያው ገዳም ትንሽ ክፍል ውስጥ ፒያኖ ሲጫወቱ፣ ዜማ ሲደርሱ ኖሩ። በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ለረጅም ዘመን ብዙ ሰው አያውቃቸውም ነበር። ሰሚ በሌለበት ክፍል ይጫወቱ የነበረውን ዛሬ ዓለም ይሰማዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዓለም መስማቱ አይደለም። ማንም ባይሰማቸውም ኖሮ ነገ ጠዋት ተነሥተው ይጫወቱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንቺ ስትሰፊ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ለሙሽራ የምትሰፊውም ሆነ ለቤት የምትሰፊው ፊትሽ ያው ነው። ከንፈርሽ ሳታውቂው ይቆጥራል። ሐሳብሽ ሁሉ እጅሽ ላይ ይሰበሰባል። አባዬ ካረፈ በኋላ ያንን ፊት ያየሁት ስትሰፊ ብቻ ነው። ያንን ለጎረቤት ልጅ መስጠት አትችዪም እማዬ፣ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ልጅቷ መማር ከፈለገች ደግሞ በደስታ። ሌላ ወስፌ ይገዛላት፣ አጠገብሽ ትቀመጥ፣ ካንቺ እጅ ትይ። ያንቺን ወስፌ ይዛ ቤቷ ብትገባ ብቻዋን ምን ታደርግበታለች? ቀጭኑን ነገር ዓይኗ ያይልሽ፣ ቆጠራውን አንቺ ንገሪያት።

ለሐኪም ቤቱና ለትራንስፖርቱ ብር በቴሌብር ለወንድሜ ልኬለታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ይውሰድሽ። ሐኪሙ ያለውን ማታ ደውላችሁ ንገሩኝ። አለላው ውስጥ የትኛው ቀለም እንዳለቀብሽም አይተሽ ንገሪኝ፣ ዱቄቱን ከመርካቶ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እሰድልሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ