የኢኮኖሚክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ውሎ

«የኢኮኖሚክስ ክበብ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብለው የሚጠይቁኝ ባልደረቦች አሉ። ዓመቱን ሙሉ የያዝነው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሕዝብ ስለ ኑሮው ድምፅ ስጥ ሲባል የሚወስነው በሒሳብ ነው ወይስ በሆዱ?

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ያቺ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስበናል። በሚኒ ሚዲያም አቅርበናል፣ የግድግዳ ጋዜጣም አውጥተናል። መንገድ ሲዘጋ የቀሩብን ሳምንታት አሉ፤ አልደብቅም።

መጀመሪያ ያየነው ግሪክን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት አበዳሪዎች ያቀረቡትን የወጪ ቅነሳና የግብር ጭማሪ እርምጃ እንቀበል ወይ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ባንክ ተዘግቷል፣ ከኤቲኤም በቀን ከ60 ዩሮ በላይ አይወጣም። እንዲህም ሆኖ ከመራጩ 61 ከመቶ «አይሆንም» አለ። ክብራችን ተነካ የሚለው ቁጣ ፍርሃቱን በለጠው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስኮትላንድ ከብሪታንያ ተለይታ ለብቻዋ አገር ትሁን ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን፣ ምን ገንዘብ እንደምትይዝ እንኳ አልለየለትም ነበር። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደሚባለው፣ 55 ከመቶው ባለበት መቆየትን መረጠ።

የካቲት ላይ ደብረ ብርሃን ገበያ ወረድን። በግ ተራ አንድ ሽማግሌ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠምጥመው ቆመዋል። ልጆቹ «አባባ፣ ለፋሲካ ቢያቆዩት ዋጋው አይጨምርም?» አሏቸው። «ይጨምር ይሆናል። በሽታ ቢገባበትስ? ይሄ በእጄ ነው» አሉና ገመዱን ሳብ አደረጉት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉትን፣ የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይበልጣል የሚለውን ነገር፣ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት ለፍቼ አላስረዳሁትም ነበር።

በሳምንቱ ስኮትላንዶች ሆነን ድምፅ ሰጠን። ሳጥናችን የፓስታ ካርቶን ነው። ቆጥረን ስንጨርስ ከመንዝ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። «ቲቸር፣ እኔ ወረቀቱን አላነበብኩትም። ገንዘቡ አይታወቅም ሲባል ደነገጥኩ። የቤት ኪራዬ ትዝ አለኝ፣ አይሆንም አልኩ» አለች። የሳቀ ሰው የለም። ከኋላ አንዱ ልጅ ተነሣና «እኔ ደግሞ እሺ ያልኩት ተናድጄ ነው» አለ። ከዚያ በየተራ ተናገሩ። ደወል ተደውሎ አንድም ልጅ አልወጣም። 14 ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አይቼ አላውቅም።

ቁጣም ፍርሃትም ነውር አይደለም፤ ሽማግሌው የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ልጁ ወረቀቱን ከማጠፉ በፊት የያዘው የትኛው እንደሆነ ይወቅ ነው የምለው። ከ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ብዙዎቹ 18 ዓመት ሞልቷቸዋል፤ የእውነቱ ሳጥን ፊት ይቆማሉ።

ፎቶ ኮፒውንም የገበያውን ትራንስፖርትም የከፈልነው ከኪሳችን ነው። ለኳስ ብር ሲወጣ ደስ ይለኛል፤ ለእኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ማርከር አልተገዛም። ወላጆች፣ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት)፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፤ ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ሁለት ደስጣ ወረቀት፣ ማርከርና አንኮበር ገበያ የሚያደርሰን የአንድ ቀን መኪና ነው። ሳጥኑ አለን፤ የፓስታ ካርቶኗን አስቀምጠናታል።