ወደ ዳር አትጠጊ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሚጡዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ያው ነው። ሲዘንብ ያማታል፣ ሲያባራ ትረሳዋለች።

የላክሽልንን የጉዞ ፕሮግራም አየነው። መጀመሪያ እኛ ጋ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ 30ኛ ዓመትሽን ቪክቶሪያ ፏፏቴ ልታከብሪ፣ ከዚያ ቦትስዋና ተሻግረሽ ዝሆን ልታዪ። ደስ ብሎኛል። ትናንት ማታ ግን ወንድምሽ ስልኩን ይዞ መጣና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንዲት ልጅ ፏፏቴው አፋፍ ላይ፣ ውሃው ውስጥ በደረቷ ተኝታለች። እጇን ወደ ገደሉ ዘርግታ ትስቃለች። «ሚጡም እዚህ ልትዋኝ ነው» አለኝ። የሰይጣን ገንዳ ይሉታል አሉ። እንግዲህ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ዝም ብለው አላወጡለትም። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ፣ ወደ ዳር አትጠጊ።

31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ይህን የዛምቤዚ ወንዝ ፏፏቴ በዓይኔ አላየሁትም። ሰሌዳ ላይ ግን ስንቴ ስዬዋለሁ! ስፋቱ 1,708 ሜትር፣ ቁመቱ 108። የአገሩ ሰዎች ሞሲ ኦአ ቱንያ ይሉታል፣ የሚያጓራ ጭስ ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው አሳሽ ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1855 ደርሶ በንግሥቱ በቪክቶሪያ ስም ጠራው እንጂ ስም አጥቶ የኖረ ውሃ አልነበረም። እዚህ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼን «እናንተስ ጢስ ዓባይ አይደል የምትሉት?» እላቸው ነበር።

ጥቅምት ላይ ሂጂ ብሎ ማን መከረሽ? ለአውሬው ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። እነሱ ጋ የበጋው መጨረሻ ስለሆነ ጫካ ውስጥ ያለው ኩሬ ይደርቃል። ዝሆኑም ጎሹም ውሃ ፍለጋ ወደ ቾቤ ወንዝ ይወርዳል። ቦትስዋና ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ዝሆን ያላት አገር ናት። ፏፏቴው ግን ተቃራኒው ነው። ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት አንጎላና ዛምቢያ ላይ ይዘንባል። ያ ሁሉ ውሃ ሜዳ ለሜዳ እየተኛ መጥቶ ፏፏቴውን የሚሞላው ሚያዝያ ገደማ ነው። ጥቅምት ላይ በዛምቢያ በኩል ያለው ገደል ባዶ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ያ ገንዳ የሚዋኙበትም ውሃው ስለሚጎድል ነው። በዚምባብዌ በኩል ሆነሽ እይው፣ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አይጠፋም። ሁለቱንም ደህና አድርጎ ማየት የፈለገ ሰው ሰኔ ወይም ሐምሌ ይሄዳል። አንቺ ግን አባትሽን የምትጠይቂው ቲኬት ከቆረጥሽ በኋላ ነው።

ሳሎን ያለውን የእናትሽን ፎቶ ታውቂዋለሽ። 1996 የካቲት ነው፣ አንቺ አያትሽ ጋ ቀርተሽ። ጢስ ዓባይ ወሰድኳት። ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመቱ ነው፣ ውሃው ወደ ተርባይኑ ዞሯል። በዚያ ላይ በጋ ነው። መምህሩ ይህን አላውቅም? አውቃለሁ። ግን ዕረፍት የተሰጠኝ የካቲት ነው፣ መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን፣ የድንጋዩን ድልድይ ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ስንደርስ ቀጭን ውሃ እንደ መቀነት ተንጠልጥሏል። እናትሽ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ብር አወጣች። የብሩን ጀርባ ገልብጣ እዚያ የተሳለውን ፏፏቴ አየች። ቀና ብላ ገደሉን አየች። «ብሩ ላይ ያለው ይበልጣል» አለች።

አፈርኩ። ፎቶ ላንሳሽ አልኳት። ያቺ ትንሽ ውሃ ከኋላዋ እንድትገባልኝ «ትንሽ ወደ ኋላ» አልኩ። ሄደች። «አሁንም ትንሽ።» ድንጋዩ እርጥብ ነበር፣ እግሯ ከዳት። መንገድ ሲያሳየን የነበረ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ መጀመሪያ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ፣ ከዚያ ክንዷን። ፎቶው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ነጠላዋ በአንድ ወገን የተጎተተው ለዚህ ነው። ትንሽ ሆነሽ «እማዬ እዚህ ላይ ለምን ተቆጣች?» ትይኝ ነበር።

እኔ ለዘመድ ሁሉ «ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ መጥታ ልትገድለኝ ነበር» እያልኩ ሳወራ ኖርኩ። ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳል፣ ይሳቃል። እናትሽም አብራ ትስቃለች። አንድም ቀን አላስተባበለችኝም።

በይ አሁን ስሚኝ። የቢጫ ወባ ክትባት አሁኑኑ ተከተቢ። ከኛ አገር ለሚመጣ ሰው ካርዱን ይጠይቃሉ፣ ክትባቱ የሚሠራውም ከ10 ቀን በኋላ ነው። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። የወባ መከላከያ ክኒኑን ስትመለሺም ሐኪሙ ያለሽን ያህል ጨርሺው፣ ጀምረሽ መተው ልማድሽ ነው። ያን የወታደር ልብስ የሚመስል ሱሪ እዚህ ትተሽው ሂጂ፣ እዚያ ለሲቪል ክልክል ነው። ዝርዝር ዶላር ያዢ፣ ያልተቀደደ። ካዛ የሚሉት ባለ 50 ዶላር ቪዛ ዛምቢያንና ዚምባብዌን አንድ ላይ ይይዛል። ቦትስዋናን ግን ካዙንጉላ በሚባለው ድንበር በኩል ገብተሽ በዚያው ቀን ከተመለስሽ ብቻ ነው። ካደርሽ ስትመለሺ ሌላ ቪዛ ነው። ፏፏቴው አካባቢ ምግብ በእጅሽ ይዘሽ አትሂጂ፣ ዝንጀሮው ይነጥቅሻል። ቾቤ ላይ ደግሞ ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በእሱና በውሃው መሃል እንዳትገቢ። እዚያም ቢሆን ወደ ዳር አትጠጊ።

ትልቅ ሰው ነሽ፣ ልከለክልሽ አልችልም። ግን ጓደኛሽ ስልኩን ደግኖ «ትንሽ ወደ ኋላ» ካለሽ አንቺ ባለሽበት ቁሚ። እሱ ወደ ኋላ ይሂድ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእናትሽ አነበብኩላት። ለእህቶቿ ስልክ ደውላ የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። የምትለቅመውን ምስር ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጫማው እኮ ተረከዝ አልነበረውም» አለች።

አባትሽ