ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፦ የቱርኳን የቫን ከተማ ልጅ ተመልከቱልን

ይድረስ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ኮሚቴ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በአንድ የክልል ከተማ ልጆችን ቴኳንዶ የማሠለጥን ሰው ነኝ። ስለ ሴት ሠልጣኞቼ ድጋፍ ልጠይቅ ደጅ በጠናሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «ቴኳንዶ ለሴት ልጅ ምን ይፈይድላታል? ይልቅ ሩጫ ትሩጥ።» ማን እንዳለኝ አልናገርም። መልሴ ግን የአንዲት ቱርካዊት የቴኳንዶ ተጋጣሚ ታሪክ ነው።

ኑር ታታር እ.ኤ.አ. በ1992 ቫን ተወለደች። ቫን እንደ ኢስታንቡልና አንካራ ሁሉ ነገር ደጇ ድረስ የሚመጣላት ከተማ አይደለችም፤ በቱርክ ምሥራቃዊ ዳር፣ ወደ ኢራን ድንበር ተጠግታ ነው ያለችው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2011 ያን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቶት ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ አሥር ወር ሳይሞላ የቫኗ ልጅ ለንደን ኦሎምፒክ ላይ በ67 ኪሎ ግራም የክብደት ምድብ ለፍጻሜ ደረሰች። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። የገጠመቻት ኮሪያዊቷ ህዋንግ ክዩንግ ሴዎን አቴንስ ላይ ነሐስ፣ ቤጂንግ ላይ ወርቅ ያጠለቀች ናት። ኑር 12 ለ 5 ተሸንፋ የብር ሜዳሊያ ወሰደች።

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ከለንደን በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ አገኘች። በዓመቱ ሙጁ ላይ፣ ስፖርቱ በተወለደባት በደቡብ ኮሪያ ምድር፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቶኪዮም ሄዳለች፤ እዚያ ሜዳሊያ አልቀናትም፤ ቢሆንም ሦስተኛ ኦሎምፒኳ ነበር። እኛ ጋ እንዲህ የሚቆይ ሰው የለም። ልጅቷ ጥቁር ቀበቶ ታስራለች፤ ፈተና ይመጣል፣ ትዳር ይመጣል፣ ውድድር ግን አይመጣም። ቀበቶዋን ሳጥን ውስጥ ከታ ትቀራለች። በእሷ አልፈርድም፤ ምን ጠብቂ ልበላት?

ኑር ብቻዋን የበቀለች እንዳይመስላችሁ። ቴኳንዶ በይፋ ኦሎምፒክ ከገባበት ከሲድኒ 2000 ጀምሮ ቱርክ ባዶ እጇን የተመለሰችበት ኦሎምፒክ የለም። እስከ ፓሪስ 2024 ካገኘቻቸው አሥር ሜዳሊያዎች ስድስቱ የሴቶች ናቸው። ሐሚዴ ቢክቺን በሲድኒ ነሐስ ጀመረች፤ አዚዜ ታንሪኩሉ ቤጂንግ ላይ ብር ጨመረች፤ ሐቲጄ ኩብራ ኢልጉን ቶኪዮ ላይ፣ ናፊያ ኩሽ ፓሪስ ላይ ነሐስ ይዘው ገቡ። ቶኪዮ ላይ ደግሞ በአራቱም የሴቶች ምድብ ቱርካዊት ተሰልፋለች።

ቱርክ ገንዘብ አላት ትሉኝ ይሆናል። አላት። ሪዮ ላይ ግን ከኑር ጋር በዚያው በ67 ኪሎ ነሐስ ያጠለቀችው ሩት ግባግቢ የኮትዲቯር ልጅ ናት፤ ለአገሯ ሴቶችም የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ውድድር የእግር ምትን ነጥብ በዋናነት የሚይዘው መሣሪያ ነው። የደረት መከላከያው ውስጥ ሴንሰር አለ፤ እግር ላይም ሴንሰር ያለው ካልሲ ይጠለቃል። ምቱ በትክክለኛው የእግር ክፍል ካላረፈ ወይም ለምድቡ የተወሰነውን ኃይል ካላሟላ አይቆጠርም። እኛ ጋ ያለው ተራ መከላከያ ነው፤ ማሰሪያው ተበጥሶ በጫማ ክር ተቋጥሯል፣ የተቀደደው ጎኑ በፕላስተር ተለጥፏል። ልጅቷ ስትመታ «ጧ!» ይላል፣ የከበባት ያጨበጭባል፣ እኔም ጣቴን አንስቼ ነጥብ እሰጣታለሁ። ያው «ጧ!» ውጭ አገር ዜሮ ሊሆን ይችላል። ዓመታት ሙሉ ያስተማርኳት ድምፅ ማሰማት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ በየክልሉ ቢያንስ አንድ ሙሉ የኤሌክትሮኒክስ መከላከያና የነጥብ መቁጠሪያ ይኑር፤ ያለ ቀረጥ የሚገባበትም መንገድ ይፈለግ። ክለቦች ተራ ገብተው ይጠቀሙበታል፤ ለእኛ ይስጡን አላልኩም። የሴቶች ውድድር ደግሞ «ለማሟያ» መሆኑ ይቅርና በኦሎምፒኩ ምድቦች፣ በ49፣ በ57፣ በ67 እና ከ67 በላይ፣ በየዓመቱ በታወቀ ቀን ይካሄድ። ቀኑን ካወቀች ልጅቷም ትጠብቃለች፣ እናቷም ታስጠብቃታለች። ወላጆችም ይነገራቸው፦ ኦሎምፒክ የሚያስገባው ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሕግ ነው። በሌላ ሕግ የሚሠራውን ኢንተርናሽናል ቴኳንዶን አልነቅፍም፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ አፍርቷል። ነገር ግን ልዩነቱን ልጃቸው ካደገች በኋላ የሚሰሙ ወላጆች አጋጥመውኛል።

የማይቻል አልጠየቅኩም። ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲጋጠም አይተናል፤ ከጎኑ ግን ሴት አልነበረችም። ለቶኪዮ የአፍሪካው ማጣሪያ ከየምድቡ ለፍጻሜ የደረሱትን ሁለቱን ነበር ያሳለፈው። ለሎስ አንጀለስ 2028 ሴት ተጋጣሚ ለማዘጋጀት ዕቅድ ካላችሁ፣ የትኛው ክልል፣ በየትኛው ምድብ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠለጥን ለአሠልጣኞች በጽሑፍ አሳውቁን። ዕቅድ ከሌለም ይነገረን፤ ለልጆቹ የምንለውን እንወቅ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የክልል ከተማ የቴኳንዶ አሠልጣኝ