ውሻችሁን ጦሳ ውሰዱት፣ ወደ ቀይ ቀበሮ አገር ግን አትውሰዱት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ተራራ ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነፎቶው አየሁት። አንድ ወጣት ከውሻው ጋር ጓሳ ሣር መሐል ቆሟል። ከኋላው ጅባራ ይታያል። ፎቶው በጣም ያምራል። ከሥሩ ግን ውሻችሁን ይዛችሁ ወደ ብሔራዊ ፓርኮቻችን ውጡ የሚል ምክር አለ። እሱን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም አድርጌዋለሁና።

ዳማ የሚባል ውሻ አለኝ። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ መልኩ ቁርጥ የዳማ ፈረስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የተራራ ጫማዬን ሳነሳ ካየኝ በሩ ላይ ሄዶ ያለቃቅሳል። ከሰፈሬ ከሆጤ ተነስተን የደሴውን ተራራ ጦሳን እንወጣለን። ባሕር ዛፉ መሐል ጉም ይቀበለናል። ጉሙ ሲገለጥ ደሴ ከነቆርቆሮዋ ከታች ትዘረጋለች። ዳማ ያኔ ቁጭ ብሎ ከተማውን ያያል፤ እኔ ዳቦዬን እቆርሳለሁ፣ ለእሱም አካፍለዋለሁ። ብቻዬን ብሆን ግማሽ መንገድ ላይ የምመለስባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እሱ ነው የሚጎትተኝ። ስለዚህ ከውሻ ጋር መጓዝን የምቃወም ሰው አይደለሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ሄድን። ብዙ ሰው እስካሁን ደንቆሮ ጫካ ነው የሚለው። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም ይኬዳል። ዳማን መኪናው ኋላ ጫንኩት። ውሻ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። ሐሳቡም አልመጣልኝም። ጠዋት ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ እስኪመጡ መጠበቅ ሰለቸንና ቀድመን መውጣት ጀመርን። ጥፋቱ የእኛ ነው።

የአስታ ቁጥቋጦው አልቆ ሜዳው ሲከፈት አየሁት። ቀይ ቀበሮ። እንዲህ ቅርብ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ቀይ ነው፤ አንገቱ ሥርና ደረቱ ነጭ፣ እግሮቹ ቀጫጭን፣ አፉ ሹል። የፍልፈል አፈር ክምር ፊት ቆሟል። ጆሮዎቹን ወደ መሬት አዘንብሎ ያዳምጣል። አንድ የፊት እግሩን አንስቶ አልመለሰውም። ነፋሱ ጀርባው ላይ ያለውን ፀጉር ሲያነሳ ይታየኛል። እኛም ትንፋሻችንን ይዘናል።

የዳማ ገመድ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከአጠገቤ ሲፈተለክ ብቻ ነው ያወቅኩት። ጮህኩ፤ አልሰማኝም። ቀበሮው ቀና አለ፣ ደጋግሞ ጮኸና ቁልቁል ሮጠ። ዳማ አልደረሰበትም። ቀበሮው የቆመበት ላይ ደርሶ ግን አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፣ አፈሩን ላሰ፣ ሽንቱን ሸናበት። ያ ቀበሮ የጠዋት ቁርሱን አጣ። ያኔ ያሰብኩት ይሄንን ብቻ ነበር።

ስካውቱ ከኋላ ደረሱብን። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ሲያለከልኩ መጡ። አልተቆጡኝም። «የኔ ልጅ፣ ውሻህ ተከትቧል?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። የዓመት ክትባቱ አልፎበት ነበር። ለማስከተብ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቴም «ክትባቱ አልቋል፣ ሳምንት ና» ተብያለሁ። ከዚያ ተውኩት። ይሄን ለስካውቱ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለቀበሮው ምን ይፈይድለታል?

«በል እሰረው» አሉኝ። «አንተ ነገ ደሴ ትገባለህ። እነሱ ከዚህ ሌላ መግቢያ የላቸውም።»

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ነው ያለው። ቀሪው በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በሌሎች ጥቂት ከፍታዎች ተበታትኖ ይኖራል። ደሴ ላይ ሌሊት ሲጮኹ የምንሰማቸው ውሾች ከዚያ ሳይበልጡ አይቀሩም።

ቀይ ቀበሮን የሚፈጀውም ጥይት ሳይሆን በዋናነት የውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ፣ እዚያ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ ወይም ጠፉ። በሽታውን ያመጡት ውሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ እዚያው ባሌ ገብቶ ፈጃቸው። እንዲህ ቶሎ የሚያልቁት በአኗኗራቸው የተነሳ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ለብቻው ነው። ከአደን መልስ ግን ቤተሰቡ ይሰበሰባል። አፍ ለአፍ ይነካካሉ፣ ይላላሳሉ፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ግልገል አብረው ያሳድጋሉ። አንዱ ታመመ ማለት ቤቱ በሙሉ ታመመ ማለት ነው። ባሌ ውስጥ ወንድ ውሻ ከሴት ቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ዲቃላ እስከ መወለድም ተደርሷል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሌ ላይ የእብድ ውሻ ክትባት በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎቹ እየተሰጠ ነው። ሰዎች ሌሊት ብርድ ላይ ወጥተው፣ ሥጋ እየጣሉ፣ ማን እንደበላ እየመዘገቡ ማለት ነው። እነሱ እንዲህ ይለፋሉ፤ እኔ ያልተከተበ ውሻ በመኪና ጭኜ እሄዳለሁ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እዚህ ላይ ለገበሬው ልናገርለት። የፓርኩ አካባቢ ሰው ውሻ አለው፤ ያስፈልገዋልም። በጉን ከጅብና ከነብር የሚጠብቅለት ማን አለ? የእሱ ውሻ ሥራ ላይ ነው። ከከተማ ለመዝናናት የምንወጣው እኛ ግን ችግሩ ላይ ሌላ ውሻ የምንጨምርበት ምንም ምክንያት የለንም። ለውሻውም ቢሆን ጥሩ አይደለም፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ነብር አለ።

ከመካነ ሰላም ከተመለስን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ለስካውቱ እደውል ነበር። «የታመመ አይታችኋል?» እላቸዋለሁ። «የለም፣ አብሽር» ይሉኛል። ሌሊት ዳማ ሲያስል እንኳ ተነስቼ መብራት አብርቼ አየው ነበር። አላህ ረድቶን ምንም አልሆነም። በመጨረሻ ከራሴ ኪስ ከፍዬ አስከተብኩት። አሁን በየዓመቱ ቀኑን ካላንደር ላይ አከብበታለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ያንን ምክር አስተካክላችሁ እንድታወጡት እለምናለሁ። ወደ ፓርክ ስትሄዱ ውሻችሁን ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ትታችሁ ሂዱ በሉ። የፓርኩ ኃላፊዎችም መግቢያው ላይ ማንም ሊያልፈው የማይችል ትልቅ ሰሌዳ በአማርኛ ይትከሉልን። እንደኔ ያለው ሰው ክፋት የለውም፤ አያውቅም እንጂ።

ለከተማችንም አንድ ነገር አለኝ። መስከረም 18 ቀን የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ያን ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ በየቀበሌው ውሻ ቢከተብ ምን አለበት? የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለመግታት ከውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው ይላል። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ ቢሰጥ ይበቃል። የምንጠብቀው ቀበሮን ብቻ አይደለም። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት ደግሞ ልጆች ናቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ይሄንን የማያውቅ ወላጅ ሰፈሬ ውስጥ ብዙ ነው።

ከውሻ ጋር መራመድ ለምትፈልጉ ጦሳ አለላችሁ። አዝዋ ገደልም አለ፤ እዚያ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ገመዱን አጥብቃችሁ ያዙ። ለኮምቦልቻ ሰው የጎፍ ቅርብ ነው፤ ደኑ ውስጥ የዱር እንስሳ ስላለ እዚያም ገመድ አይፈታ። ውሃ ያዙለት። በግ የሚጠብቁ ልጆች ስታዩ መንገድ ቀይሩ፤ በጎቹ ከተበተኑ የሚቀጡት እነሱ ናቸው።

እርማቱን ካወጣችሁ አብሮ የሚወጣ ፎቶ እልክላችኋለሁ። ዳማ ጦሳ ላይ ተቀምጦ ደሴን ሲያይ ነው። ገመዱ እጄ ላይ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳማ ባለቤት
ደሴ፣ ሆጤ