ጉዳዩ፦ በረዶ የያዘው ኢንሱሊን ስለተሸጠልኝ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢንሱሊኑን ለገዛሁበት መድኃኒት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

እኔ በማራኪ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለባት የ12 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። የካቲት 8 ቀን ከመድኃኒት ቤታችሁ በደረሰኝ የገዛሁት ባለ 10 ሚሊ ሊትር የኤንፒኤች ኢንሱሊን (ለመካከለኛ ሰዓታት የሚሠራ የኢንሱሊን ዓይነት) ብልቃጥ የተበላሸ ሆኖ በመገኘቱ፣ በቃል ላቀረብሁት አቤቱታም ተገቢውን መልስ ባለማግኘቴ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እሑድ ንጋት ላይ መብራት ጠፍቶ ስለነበር እናቷ በስልክ ብርሃን ቀድታ ወጋቻት፤ ስለዚህም ዛሬ ድረስ ራሷን ትወቅሳለች። ከቁርስ በፊት ከ150 እምብዛም የማያልፈው የልጄ ስኳር ሰኞ ጠዋት 340፣ ማታ ደግሞ ከ400 በላይ ሆነ። መጠኑ አልተቀነሰም፣ መርፌውም አልተዘለለም። ሌሊቱን ስታስመልስና ውኃ ውኃ ስትል አድራ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት ሽንቷ ውስጥ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል በሰውነት የሚከማች አደገኛ አሲድ) ተገኘ፤ እስከ ሐሙስም ተኝታ ታከመች። ብልቃጡን በቀን ብርሃን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ኤንፒኤች በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ሲንከባለል ወጥ ሆኖ እንደ ወተት መንጣት ሲገባው፣ ይህኛው የቱንም ያህል ቢንከባለል ነጫጭ ቅንጣቶቹ አልሟሟ ብለው በብልቃጡ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ አመዳይ ተለጥፈው ቀሩ። ያከማት ሐኪም ገና እንዳየው «ይህ በረዶ ይዞት የቀለጠ ነው» አለኝ።

ዓርብ ዕለት ብልቃጡንና ደረሰኙን ይዤ መጥቼ ነበር። ባለሙያችሁ ሳጥኑን አገላብጦ «ጊዜው አላለፈበትም» ከማለት በቀር ፈሳሹን ወደ ብርሃን አንሥቶ እንኳ አላየውም። በሳጥኑ ላይ የታተመው ቀን የሚሠራው ግን መድኃኒቱ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ ከተቀመጠ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶ የያዘው ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኃይሉ ስለማይታመን መጣል እንዳለበት ከመድኃኒቱ ጋር ያለው መመሪያ ራሱ ይናገራል። የማቀዝቀዣችሁ በር በተከፈተበት ቅጽበት ያየሁትም ይኸው ነው፦ የኢንሱሊን ሳጥኖቹ ከበረዶ ቤቱ ሥር፣ በረዶ ከጋገረው የኋላ ግድግዳ ጋር ተጠግተው ተደርድረዋል፤ የአንዳንዶቹም ወረቀት ርሶ ተጨማድዷል። ቴርሞ ሜትር በውስጡ አላየሁም።

እኛ ቤት መብራት ሲቆይብን የተከፈተውን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በከበበው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ሥር እናቆየዋለን፤ እናቷም አሸዋው እንዳይደርቅ ውኃ ታርከፈክፍበታለች። ፍሪጅም ባለሙያም ያለው ድርጅት ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሲያደርግ ማየት እጅግ አሳዝኖኛል። የልጄ ቆሽት ኢንሱሊን አያመነጭም፤ ስለዚህ ይህ ሆርሞን ለእርሷ አንድ ቀን ቢቀር ግድ የለም የሚባል መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 ለሰው መሰጠት ከመጀመሩ በፊት እንደ እርሷ የታመሙ ሕፃናት ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ባዶ ብልቃጥ ቢሆን ኖሮ ሌላ ፈልገን እንገዛ ነበር፤ የተበላሸው ግን ሳናውቀው ሁለት ቀን ሙሉ አዘናጋን።

ስለሆነም የተበላሸውን ብልቃጥ እንድትተኩልኝ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያው ማቀዝቀዣ ያሉትን የኢንሱሊን ብልቃጦች በሙሉ ከሽያጭ እንድታነሡ፣ በዚያ ሳምንት የገዙትንም በደረሰኛችሁ ቅሪት ላይ ፈልጋችሁ እንድታሳውቁ እጠይቃለሁ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ከደምቢያና ከጭልጋ መጥተው የወር መድኃኒታቸውን ገዝተው የሚመለሱ ሰዎች ብልቃጡ እንደተበላሸ የሚነግራቸው ላያገኙ ይችላሉና። ማቀዝቀዣውም ቴርሞ ሜትር ተደርጎበት ሙቀቱ ጠዋትና ማታ እንዲመዘገብ፣ ባለሙያዎቻችሁም ኢንሱሊን ሲሸጡ ብልቃጡን ከሳጥኑ አውጥተው ለገዢው እንዲያሳዩ እፈልጋለሁ።

ብልቃጡን እንደ ማስረጃ በእጄ ይዤዋለሁ፤ የደረሰኙንና የሕክምና ማስረጃውን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ አቤቱታዬን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው አካል የማቀርብ መሆኔን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ አባት