ልጄ፣ ሦስቱን ከተማ ተይና አንዷን ስጪን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከቼናይ የላክሽውን የጉዞ ዕቅድ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ6 ቀን ሦስት የደቡብ ህንድ የተራራ ከተሞች፦ ኡቲ፣ ኮዳይካናልና ሙናር! ህንድ ድረስ መጥተው ሳያዩት የሚቀር ነገር አይኑር ብለሽ እንደሆነ አላጣሁትም። ነገር ግን አባትሽ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ካርታ ላይ አንድ ጣት የማይሞላ መንገድ ተራራ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሊማሊሞ አስተምሮኛል። ከኡቲ ኮዳይካናል 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱን ደጋ ወርዶ፣ ሜዳውን በሙቀት አቋርጦ፣ ሌላውን ደጋ መውጣት ነው። ቀኑ መኪና ውስጥ ይመሻል፤ እኛም የምናየው የሾፌሩን ማጅራት ይሆናል።

ስለዚህ በሦስቱም ማደሩን ሰርዢና አንድ ቦታ 4 ሌሊት እንደር። የእኔ ምርጫ ኩኑር ናት። ከኡቲ በባቡር 19 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሻይ ተክል የተከበበች ከተማ ናት። ኡቲ 2,240 ሜትር ላይ ስለሆነች ብርዷ ይጠነክራል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። ከፍታው እኛን ደገኞቹን አያስፈራንም፤ የእናትሽን ጉልበት የሚያስፈራው ብርድና ደረጃ ነው።

ስለ ደረጃ ካነሳሁ፣ አምና ለዕረፍት የሄድንበትን ሆቴል ታስታውሻለሽ? «ክፍላችሁ ጥሩ እይታ አለው» ብለው ሰጡን። እይታው እውነት ነበር፤ 42 ደረጃ ከወጡ በኋላ። እናትሽ 20ኛው ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ «እናንተ እዩና ንገሩኝ» አለች። ሦስቱን ቀን ለምሳ እንኳን አልወረደችም። ዘንድሮ እንዲህ ያለው እንዳይደገም አደራ። ተራራ ላይ «ምድር ቤት» የሚሉት ክፍል ከመንገዱ በታች ሊሆን ስለሚችል ወርደሽም የምትገቢበት አለና፣ ደውለሽ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አልጋው ያለውን ደረጃ አስቆጥሪልኝ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ መያዣ ብረት ቢኖረው ደግሞ መልካም ነው። የሞቀ ውኃ ሌሊትም እንደማይቋረጥ ጠይቂ።

ጊዜውን ሚያዝያ መጨረሻ አድርገሻል። እሱንም ቀይሪው። ሚያዝያና ግንቦት የቆላው ሙቀት ሰውን ሁሉ ኡቲና ኩኑር ወዳሉበት ወደ ኒልጊሪ ተራሮች የሚያባርርበት ወቅት ነው፤ መንገዱም ሆቴሉም ይጨናነቃል። የመኪናው ብዛት ከልክ ስላለፈ እኮ ነው ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሌላ ቦታ ወደ ተራሮቹ የሚገባ መኪና የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ እንዲይዝ የተደረገው። የምትከራዪው መኪና ይህንን ፈቃድ መያዙን አረጋግጪ። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ደግሞ ዝናብ አለ፤ አፈር ይናዳል። የካቲት መጨረሻ ይሁንልን።

አወጣጣችን እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦ ከቼናይ ሜዳው ላይ እስካለችው ከተማ እስከ ኮይምባቱር በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ኩኑር በመኪና። መንገዱ ወደ ኋላው የሚዞርባቸው 14 ኩርባዎች አሉት፤ እናትሽ ከፊት ትቀመጥ፣ ሾፌሩም አይቸኩል። ባቡሩን ለመውረጃ እናቆየው። ሽቅብ የሚሄደው ባቡር ከተራራው ግርጌ፣ ከመቱፓላያም የሚነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ እሱን ለመያዝ በሌሊት መነሳት ለእኛ ዕረፍት አይባልም።

ባቡሩን ግን እንዳትሰርዢብኝ! መስመሩ ኩኑር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ኡቲ የደረሰው በ1908 ነው፤ በ2005 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከኩኑር በታች ባለው ቁልቁለት ሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያለው ብረት ተዘርግቷል፤ የሎኮሞቲቩ ጥርስ እሱን እየነከሰ ይሄዳል። ዳገቱ 12 ሜትር ሲኬድ 1 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሎኮሞቲቩ ምንጊዜም በቁልቁለቱ በኩል ነው የሚሆነው፤ ሲወጣ ከኋላ ይገፋል፣ ሲወርድ ከፊት ሆኖ ይይዛል። ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ እንደማይወረድ ለስንቱ ረዳት ስነግር ኖሬያለሁ፤ ይህን በዓይኔ ካላየሁ አልመለስም። ትኬቱ 60 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚከፈት በዚያው ቀን ቁረጪ። ሠረገላው ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም፤ የደም ግፊት መድኃኒቴ ደግሞ ስለሚያመላልሰኝ፣ የዚያን ቀን በስንት ሰዓት እንደምወስደው ሐኪሜን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

የቀረው ቀላል ነው። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ ማታ ሻይ። አንድ ቀን ኡቲ ሄደን እ.ኤ.አ. በ1848 የተመሠረተውን የዕፅዋት መናፈሻ እናያለን፤ ከታች ያለው ሣር ይበቃናል፣ እርከኑን አንቺ ውጪ። የዶዳቤታ ተራራ ጫፍ 2,637 ሜትር ነው አሉ፤ እሱንም ከሩቅ። እንግሊዞች እነዚህን ከተሞች የቆረቆሯቸው ሙቀት የጎዳቸው ወታደሮቻቸውና ሹሞቻቸው እንዲያገግሙባቸው ነበር፤ ለማገገሚያ በተሠራ ከተማ እኛን ለማስሮጥ ምን አስቸኮለሽ?

በኡቲ የባሕር ዛፍ ሞልቷል ስላት እናትሽ «ታዲያ ለባሕር ዛፍ ነው ባሕር የምሻገረው?» ብላ ስቃብኛለች። ሹራቧን ግን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ አስመትታዋለች።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ሌላው ቢቀር የደረጃውን ቁጥር ጻፊልኝ።

አባትሽ